ካላዛር በኢትዮጵያ፦ በአዋቂዎች ላይ ያለው የምርመራ ፈተናና ክሊኒካዊ ምርምር

ካላዛር (የውስጥ አካል ሌሽማንያሲስ) ሌሽማንያ ዶኖቫኒ በሚባል በዓይን በማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ የሚመጣና በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። ተሕዋሱ የሰውነትን የመከላከያ ሴሎች መኖሪያው አድርጎ በጣፊያ፣ በጉበትና በመቅኔ ውስጥ ይራባል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ ሕክምና ካላገኙ ታማሚዎች መካከል ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት ይሞታሉ። በጊዜ ከታወቀ ግን የሚድን በሽታ ነው።

በብዙ የምሥራቅ አፍሪካ አካባቢዎች ካላዛር ይበልጥ የሕፃናት በሽታ ነው። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ግን ከታማሚዎቹ አብዛኞቹ ለቀን ሥራ ወደ መተማና ሁመራ ቆላዎች የሚወርዱ ወጣትና ጎልማሳ ወንዶች ናቸው። በሽታውን የሚይዙት በቆላ ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚታመሙት ግን ከወራት በኋላ፣ ወደ ደጋ ቀያቸው ከተመለሱ በኋላ ነው። በዚህ ምክንያት እንደ ዋግ ኽምራ ባሉ አካባቢዎች ትልቁ ችግር መድኃኒት ከማግኘት በፊት የሚመጣው ነው፤ ይኸውም በሽታውን መጠርጠርና በትክክል መለየት።

ስያሜና ታሪክ

«ካላ አዛር» የሚለው ስም ከሕንድ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ጥቁር ትኩሳት» ማለት ነው። ተሕዋሱን በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ሐኪም የነበረው ዊልያም ሌሽማን ከአንድ ሟች ወታደር ጣፊያ፣ ቻርልስ ዶኖቫን ደግሞ በማድራስ ከተማ ካገኟቸው ታማሚዎች ለይተው ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1903 አሳወቁ። በዚያው ዓመት ሮናልድ ሮስ በሁለቱ ስም ሌሽማንያ ዶኖቫኒ ብሎ ሰየመው።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ታማሚ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1942 በደቡብ፣ በታችኛው ኦሞ አካባቢ ነው። በሰሜን ምዕራብ በሽታው ጎልቶ የወጣው በ1970ዎቹ ነው። በዚያን ጊዜ በሁመራና በመተማ ሰፋፊ የሰሊጥ፣ የማሽላና የጥጥ እርሻዎች ተከፍተው ከደጋው ብዙ ሠራተኛ ወደ ቦታው ወረደ። የቆላው ነዋሪ ከልጅነቱ ጀምሮ ከተሕዋሱ ጋር የተላመደ ሲሆን ከደጋ የሄደው ሰው ግን ምንም የመከላከል ልምድ አልነበረውም። ዛሬም ከአገሪቱ ታማሚዎች ትልቁ ክፍል የሚገኘው በዚሁ የመተማና የሁመራ ቀጠና ነው።

ካላዛርን ከቁንጭር ጋር ማምታታት አይገባም። ቁንጭር በደጋና በወይና ደጋ የሚገኝ የቆዳ በሽታ ነው። ሌሽማንያ ኢትዮፒካ በሚባል ሌላ ዝርያ የሚመጣ ሲሆን የተሕዋሱ ዋና የዱር መጠጊያ ሽኮኮ ነው። ቁንጭር ፊት ላይ ጠባሳ ይተዋል እንጂ ወደ ጣፊያና ወደ ጉበት አይወርድም።

ተሕዋሱና አስተላላፊው

በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በሽታውን የምታስተላልፈው ፍሌቦቶመስ ኦሪየንታሊስ የተባለች የአሸዋ ዝንብ ናት። መጠኗ ከወባ ትንኝ በጣም ያነሰ ሲሆን ስትበር ድምፅ አይሰማም። በበጋ በሚሰነጣጠቅ ጥቁር የዋልካ አፈር ውስጥና ግራርና በደኖ በበዛበት ጫካ ትኖራለች። የምትናከሰው በአብዛኛው በምሽትና በሌሊት ነው። በእርሻ ካምፕ ውጭ የሚያድሩ፣ ማታ ማታ የሚያጭዱ ወይም በዛፍ ሥር የሚተኙ ሠራተኞች ይበልጥ የሚጋለጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ከንክሻው በኋላ ምልክት እስኪታይ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ይፈጃል፤ ከዚህ ያጠረበትና ከዓመት በላይ የቆየበት ጊዜም አለ። ከተነከሱት ሁሉም አይታመሙም። ብዙዎቹ ተሕዋሱ በሰውነታቸው ውስጥ እያለ ምንም ሳይሰማቸው ይኖራሉ። ወደ በሽታ ከሚያሸጋግሩት ምክንያቶች ዋነኞቹ የምግብ እጥረትና የኤችአይቪ ኢንፌክሽን ናቸው።

ከቆላ ወደ ደጋ፦ የዋግ ኽምራና የዝቋላ ሁኔታ

ዝቋላ በአማራ ክልል በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ውስጥ ከሚገኙ ወረዳዎች አንዱ ነው። (በኦሮሚያ ከሚገኘው የዝቋላ ተራራ ጋር የስም መመሳሰል ብቻ ነው ያላቸው።) ወረዳው ከሰቆጣ በስተ ምዕራብ፣ ወደ ተከዜ ሸለቆ በሚወርደው ተዳፋት ላይ ይገኛል። መሬቱ የተራቆተ፣ ዝናቡም የማያስተማምን በመሆኑ ድርቅ ይደጋገማል። የእርሻው ገቢ ለዓመት ስለማይበቃ ከዋግ ኽምራም ሆነ ከሌሎች የአማራና የትግራይ ደጋዎች ብዙ ወጣቶች በአረምና በአጨዳ ወቅት ወደ ሁመራና መተማ ይወርዳሉ።

የዚህ ጉዞ የጊዜ አቆጣጠር ለምርመራው ወሳኝ ነው። በሰኔና በሐምሌ ለአረም የወረደ ሠራተኛ በጥቅምትና በኅዳር አጨዳውን ጨርሶ ይመለሳል። በቆላው ተነክሶ ከሆነ ትኩሳቱ ሊጀምረው የሚችለው በጥር ወይም በመጋቢት፣ በቤቱ ሆኖ ነው። በዚያን ጊዜ የሚያየው የጤና ባለሙያ ካላዛር በብዛት በማይታይበት ቦታ የሚሠራ ነው። ታማሚውም ትኩሳቱን ከስድስት ወር በፊት ከነበረበት እርሻ ጋር ላያያይዘው ይችላል።

በዋግ ኽምራ ሌሎች ሦስት ነገሮች ችግሩን ያባብሱታል። አንደኛው ረኀብ ነው። ክብደት መቀነስ ከካላዛር ዋና ምልክቶች አንዱ ሆኖ ሳለ በድርቅ ጊዜ የሰው መክሳት እንደ ተራ ነገር ይታያል። ሁለተኛው ቋንቋ ነው። የብዙ ነዋሪዎች የአፍ መፍቻ ቋንቋ ኽምጥኛ ስለሆነ፣ ስለ ጉዞና ስለ ሕመሙ ጅማሬ የሚደረገው ጥያቄ ተጠያቂው በሚገባው ቋንቋ ካልቀረበ አስፈላጊው መረጃ ሳይወጣ ይቀራል። ሦስተኛው እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን ኢትዮጵያ የነበረው ጦርነት ነው። በጦርነቱ በአካባቢው የነበሩ የጤና ተቋማት ተጎድተዋል፣ ብዙ ሰውም ከቀየው ተፈናቅሏል።

ምልክቶችና ተመሳሳይ በሽታዎች

የካላዛር የተለመዱ ምልክቶች የሚከተሉት ናቸው፦

- ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት
- የጣፊያ ማበጥ (በግራ ጎድን ሥር የሚዳሰስ እብጠት)፣ አንዳንዴም የጉበት ማበጥ
- የክብደት መቀነስና የምግብ ፍላጎት ማጣት
- ደም ማነስ፣ የነስር ወይም የድድ መድማት
- የንፍፊት ማበጥ

በደም ምርመራ ቀይ የደም ሴሎች፣ ነጭ የደም ሴሎችና ፕሌትሌት ሦስቱም ቀንሰው ይገኛሉ። ታማሚው በመጨረሻ የሚሞተው ብዙውን ጊዜ በደም መፍሰስ፣ በደም ማነስ ወይም በሌላ ተደራቢ ኢንፌክሽን ነው።

ችግሩ ከእነዚህ ምልክቶች አንዱም የካላዛር ብቻ አለመሆኑ ነው። በአዋቂ ሰው ላይ ተመሳሳይ መልክ ይዘው የሚመጡ በሽታዎች ብዙ ናቸው፦

ወባ። ትኩሳትና የጣፊያ ማበጥ ያመጣል። በቆላው ሁለቱ በሽታዎች አብረው ስለሚገኙ አንድ ሰው ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል። የወባ ምርመራው «አለ» ሲል ሐኪሙ ለትኩሳቱ ምክንያት ያገኘ ይመስለዋል፤ የወባ መድኃኒት ወስዶ ትኩሳቱ ካልወረደ ግን ሌላ ነገር መፈለግ አለበት።

ታይፎይድ። በብዙ ጤና ጣቢያዎች የሚመረመረው ዊዳል በሚባል የቆየ የደም ምርመራ ነው። ይህ ምርመራ በሌላ ኢንፌክሽን ምክንያትም ሆነ ከቀድሞ ሕመም በተረፈ አንቲቦዲ «አለ» ሊል ስለሚችል ብቻውን የሚታመን አይደለም። የካላዛር ታማሚ «ታይፎይድ» ተብሎ ተደጋጋሚ አንቲባዮቲክ ሊወስድ የሚችልበት አንዱ መንገድ ይህ ነው።

ቲቢ (ሳንባ ነቀርሳ)። የረጅም ጊዜ ትኩሳት፣ መክሳትና የሌሊት ላብ ለሁለቱም የጋራ ነው። በተለይ ኤችአይቪ ባለበት ሰው ቲቢና ካላዛር አብረው ሊገኙ ይችላሉ።

ሌሎች። የደም ካንሰር፣ ቢልሃርዝያ በጉበት ላይ የሚያስከትለው ጉዳት፣ ተደጋጋሚ ወባ የሚያመጣው የጣፊያ ግዝፈት እና የደም ተሕዋስ መመረዝም መታሰብ አለባቸው።

የሊቦ ከምከም ወረርሽኝ

በሽታው ካልተጠረጠረ ምን እንደሚሆን በኢትዮጵያ በግልጽ የታየው በደቡብ ጎንደር፣ በአዲስ ዘመን ከተማ ዙሪያ ባለችው ሊቦ ከምከም ወረዳ ነው። አካባቢው ወደ 2,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ያለውና ከዚያ በፊት ካላዛር እምብዛም ያልታየበት ነበር። ሰዎች በረጅም ትኩሳት ሲሞቱ በመጀመሪያ የተጠረጠረው መድኃኒት የተላመደ ወባና ታይፎይድ ነበር። ካላዛር መሆኑ የታወቀው በግንቦት 1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2005) ነው። በዚያን ጊዜ በሽታው በወረዳው ውስጥ ለተወሰኑ ዓመታት ሲስፋፋ ቆይቶ ነበር።

ድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን በአካባቢው የሕክምና ማዕከል ከፍቶ ሠራ። እስከ ታኅሣሥ 2000 ዓ.ም. ድረስ የታከሙት ሰዎች መዝገብ በኋላ ሲተነተን፣ ከታማሚዎቹ 77.6 በመቶ ወንዶች ሆነው ተገኙ። በጠቅላላው ከታማሚዎቹ 4 በመቶ የሚሆኑት ሞተዋል። ዕድሜያቸው 45 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ አዋቂዎች ግን ከ5 እስከ 29 ዓመት ከሆኑት ጋር ሲነጻጸሩ የመሞት ዕድላቸው አምስት እጥፍ ነበር። ኤችአይቪ፣ ቲቢ፣ የሳንባ ምች፣ ከባድ የምግብ እጥረት፣ የሰውነት ማበጥና ማስመለስም ለሞት የሚያጋልጡ ሆነው ታይተዋል።

በሽታው ወደ ወረዳው የገባው ከሁመራና ከመተማ በተመለሱ ሠራተኞች አማካይነት ሳይሆን እንደማይቀር ተመራማሪዎች ገምተዋል። የሊቦ ከምከም ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ካላዛር «የቆላ በሽታ ነው» ተብሎ ከደጋ ምርመራ ሊወጣ አይገባም። ሁለተኛ፣ ተሸካሚ ሰውና ተስማሚ የአሸዋ ዝንብ ከተገናኙ ከውጭ የመጣ በሽታ የአካባቢው በሽታ ሊሆን ይችላል።

የምርመራ ዘዴዎች

አር-ኬ 39 ፈጣን ምርመራ። ከጣት ጠብታ ደም ወስዶ በ20 ደቂቃ ገደማ ውጤት የሚሰጥ የወረቀት ምርመራ ነው። የሚፈልገው ተሕዋሱን ሳይሆን ሰውነት ተሕዋሱን ለመዋጋት የሠራውን አንቲቦዲ ነው። ኤሌክትሪክም ማይክሮስኮፕም ስለማያስፈልገው ለጤና ጣቢያ ተስማሚ ነው። ሆኖም በሁሉም አገር እኩል አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የኮክሬን የጥናቶች ግምገማ እንደሚያሳየው፣ በሕንድ ክፍለ አህጉር ከ100 ታማሚዎች 97ቱን ያገኛል። በምሥራቅ አፍሪካ ግን የሚያገኘው 85ቱን ያህል ብቻ ነው። ለልዩነቱ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የምሥራቅ አፍሪካ ታማሚዎች የሚያመነጩት አንቲቦዲ መጠን አነስተኛ መሆኑ ነው። ሌላው ምርመራው የተሠራበት ፕሮቲን ከሌላ አካባቢ የሌሽማንያ ዝርያ የተወሰደ በመሆኑ ከአካባቢው ተሕዋስ ጋር ሙሉ በሙሉ አለመመሳሰሉ ነው።

ዳት (ቀጥተኛ የማጣበቅ ምርመራ)። ይህም አንቲቦዲን የሚፈልግ ሲሆን በምሥራቅ አፍሪካ ከአር-ኬ 39 የተሻለ አቅም አለው። ነገር ግን የሠለጠነ ባለሙያና ቤተ ሙከራ ይፈልጋል፤ ውጤቱም እስከ ማግስቱ ይቆያል።

ናሙና በመርፌ መውሰድ። ከጣፊያ፣ ከመቅኔ ወይም ከንፍፊት ናሙና ተወስዶ ተሕዋሱ ራሱ በማይክሮስኮፕ ይታያል። የጣፊያ ናሙና ከ93 እስከ 99 በመቶ የሚሆኑትን ታማሚዎች ሲያገኝ፣ የመቅኔ ናሙና ከ53 እስከ 86 በመቶ፣ የንፍፊት ናሙና ደግሞ ከ53 እስከ 65 በመቶ ያህሉን ያገኛል። የጣፊያው ከሁሉ የተሻለ ቢሆንም አደጋ አለው። የደም መፍሰስ ሊያስከትል ስለሚችል ፕሌትሌቱ በጣም በወረደ ወይም ደሙ በማይረጋ ሰው ላይ አይሠራም። ደም መስጠትና ቀዶ ሕክምና በማይቻልበት ቦታም አይሞከርም።

የዘረመል ምርመራ። ፒሲአርና ላምፕ የሚባሉት ዘዴዎች ጥቂት ተሕዋስን እንኳ ከደም ማግኘት ይችላሉ። ላምፕ በቋሚ ሙቀት ስለሚሠራ ከፒሲአር ቀለል ያለ መሣሪያ ይበቃዋል። ሁለቱም እስካሁን በብዛት የሚገኙት በምርምር ማዕከላትና በትልልቅ ሆስፒታሎች ነው። ተሕዋሱን ተሸክመው ጤነኛ በሆኑ ሰዎች ላይም «አለ» ሊሉ ይችላሉ።

አንቲቦዲን የሚፈልጉ ምርመራዎች ሁሉ አንድ የጋራ ድክመት አላቸው። አንቲቦዲው ከበሽታው ከዳኑ በኋላም ለወራትና ለዓመታት በደም ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ከዚህ በፊት ታክሞ የዳነ ሰው እንደገና ሲታመም በሽታው አገርሽቶ ይሁን ወይም ሌላ ትኩሳት ይሁን በእነዚህ ምርመራዎች መለየት አይቻልም። ለእንዲህ ያለው ታማሚ ተሕዋሱን ራሱን ማየት ግድ ነው።

የምርመራ ውጤት ትርጉም እንደ ቦታው ይለያያል

አንድ ምርመራ «አለ» ሲል ምን ያህል መታመን እንዳለበት የሚወሰነው በምርመራው ጥራት ብቻ ሳይሆን በተመርማሪዎቹ መካከል በሽታው ምን ያህል በመገኘቱም ጭምር ነው። ይህን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ምርመራው ከ100 ታማሚዎች 85ቱን ያገኛል፣ ከ100 ካላዛር ከሌለባቸው ሰዎች ደግሞ 91ዱን በትክክል «የለም» ይላል እንበል። የታማሚዎቹ ቁጥር ከዚህ በታች ለምሳሌ ብቻ የተወሰደ ነው።

የመጀመሪያው ሁኔታ፦ 1,000 ተመርማሪዎች ሁሉም ከሁለት ሳምንት በላይ ትኩሳት ያላቸው፣ ጣፊያቸው ያበጠና ወደ ቆላ ሄደው የነበሩ ናቸው። ከእነሱ 400ዎቹ ካላዛር አለባቸው። ምርመራው 340ዎቹን ያገኛል፤ 60ዎቹን ይስታል። ካላዛር ከሌለባቸው 600 ሰዎች ደግሞ 54ቱን በስሕተት «አለ» ይላል። በድምሩ «አለ» ከተባሉት 394 ሰዎች 340ዎቹ፣ ማለትም 86 በመቶ ያህሉ፣ በእርግጥ ታመዋል።

ሁለተኛው ሁኔታ፦ በደጋ ጤና ጣቢያ ትኩሳት ይዞት የመጣ ሁሉ፣ ጉዞውም ሆነ ጣፊያው ሳይጠየቅና ሳይዳሰስ፣ ይመረመራል። ከ1,000 ሰዎች 20ዎቹ ብቻ ካላዛር አለባቸው። ምርመራው 17ቱን ያገኛል። ካላዛር ከሌለባቸው 980 ሰዎች ግን 88ቱን በስሕተት «አለ» ይላል። «አለ» ከተባሉት 105 ሰዎች በእርግጥ የታመሙት 17ቱ፣ ማለትም 16 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው።

ምርመራው ያው አንድ ምርመራ ነው፤ የተለወጠው ከምርመራው በፊት የተጠየቀው ጥያቄ ነው። መሣሪያውን ለደጋ ጤና ጣቢያ ማደል ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው። በሌላ በኩል በመጀመሪያው ሁኔታ «የለም» ከተባሉት 606 ሰዎች 60ዎቹ፣ ከአሥሩ አንዱ ማለት ነው፣ በሽታው አለባቸው። ስለዚህ ጥርጣሬው ጠንካራ ሆኖ ፈጣን ምርመራው «የለም» ያለው ታማሚ ወደ ቤቱ መሄድ ሳይሆን ለዳት ወይም ለመርፌ ናሙና ወደ ሆስፒታል መላክ አለበት።

ካላዛርና ኤችአይቪ

ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ካላዛርና ኤችአይቪ በአንድ ሰው ላይ በብዛት ከሚገኙባቸው የዓለም አካባቢዎች አንዱ ነው። በተለያዩ ዓመታት በተደረጉ ጥናቶች ከካላዛር ታማሚዎች ኤችአይቪ የተገኘባቸው ከ15 እስከ 40 በመቶ ደርሰዋል። ሁለቱ በሽታዎች ይረዳዳሉ። ኤችአይቪ ሲዲ 4 የተባሉ ሴሎችን ስለሚያዳክም ተኝቶ የነበረው ሌሽማንያ ይነሣል፤ ካላዛሩም በበኩሉ የኤችአይቪን መባባስ ያፋጥናል።

ለምርመራ ይህ ትልቅ ችግር ነው። መከላከያው የተዳከመ ሰው በቂ አንቲቦዲ ስለማያመነጭ ፈጣን ምርመራው ይበልጥ ይስታል። በተቃራኒው የተሕዋሱ ብዛት ከፍ ስለሚል የመርፌ ናሙና በቀላሉ ያሳየዋል። ሕክምናውም ይከብዳል፤ መድኃኒቱ ይበልጥ ይጎዳል፣ በሽታውም ደጋግሞ ያገረሻል። እንዲህ ያለ ታማሚ ሕክምናውን ሲጨርስ «ተሽሎኛል» ማለቱ ስለማይበቃ፣ ተሕዋሱ መጥፋቱ በድጋሚ ናሙና ይረጋገጣል። በዚህ ምክንያት የካላዛር ታማሚ ሁሉ የኤችአይቪ ምርመራ እንዲደረግለት ይመከራል።

ክሊኒካዊ ምርምር

በኢትዮጵያ የካላዛር ምርምር ዋና ቦታ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሚገኘው የሌሽማንያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል ነው። በምዕራብ ጎንደር አብዱራፊ ያለው የድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን ማዕከልና አርባ ምንጭም በጥናቶቹ ተሳትፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 በካርቱም የተመሠረተው የምሥራቅ አፍሪካ የሌሽማንያሲስ ጥናት ጥምረት የኢትዮጵያ፣ የሱዳን፣ የኬንያና የዩጋንዳ ተመራማሪዎችን ያገናኛል። ችላ ለተባሉ በሽታዎች መድኃኒት የሚያፈላልገው ዓለም አቀፍ ድርጅት (ዲኤንዲአይ) ደግሞ ሥራውን ያስተባብራል።

ለብዙ ዓመታት የነበረው ሕክምና ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት የተባለ መርፌ ለ30 ቀን በየቀኑ መውሰድ ነበር። መድኃኒቱ ልብን፣ ቆሽትንና ጉበትን ሊጎዳ ይችላል። ጥምረቱ ባደረገው ሙከራ ይህ መድኃኒት ከፓሮሞማይሲን ጋር ሲሰጥ በ17 ቀን ተመጣጣኝ ውጤት አስገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴም እ.ኤ.አ. በ2010 ለምሥራቅ አፍሪካ ይህንኑ መከረ። ዕድሜያቸው ለገፋ፣ ለነፍሰ ጡሮች፣ በጣም ለተጎዱና ኤችአይቪ ላለባቸው ደግሞ አነስተኛ ጉዳት ያለው አምቢዞም ይመረጣል።

በሕንድ ክፍለ አህጉር የሠራ ሕክምና በኢትዮጵያም ይሠራል ማለት እንዳልሆነ ምርምሩ አሳይቷል። በዚያ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ አምቢዞም በሽታውን ይፈውሳል። በኢትዮጵያና በሱዳን በተደረገ ሙከራ ግን ውጤቱ አነስተኛ ስለሆነ ጥናቱ ከጊዜው በፊት ቆሟል።

ኤችአይቪ ላለባቸው አዋቂዎች ትልቁ እርምጃ በጎንደርና በአብዱራፊ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ሙከራ ነው። አምቢዞም ብቻውን የወሰዱ ታማሚዎች አምቢዞምን ሚልቴፎሲን ከሚባል እንክብል ጋር ከወሰዱት ጋር ተነጻጸሩ። እስከ 29ኛው ቀን በተደረገው ምርመራ ከሁለቱ መድኃኒቶች 67 በመቶ፣ ከአንዱ ብቻ ደግሞ 50 በመቶ ተፈወሱ። ተሕዋሱ ያልጠፋላቸው ሁለተኛ ዙር ሲጨመርላቸው የሁለቱ መድኃኒቶች ውጤት 88 በመቶ ሲደርስ የአንዱ 55 በመቶ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ባወጣው መመሪያ ሁለቱን አጣምሮ መስጠትን መከረ። በኢትዮጵያ በተደረገ ሌላ ጥናት፣ ከዳኑ በኋላ በየወሩ ፔንታሚዲን ከወሰዱ 74 ኤችአይቪ ያለባቸው ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ በሽታው ሳያገረሽባቸው የቆዩት 71 በመቶ ያህል እንደሆኑ ተገምቷል።

ኤችአይቪ ለሌለባቸው ደግሞ በአራቱ አገሮች 439 ታማሚዎች የተሳተፉበት ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል። ሚልቴፎሲንና ፓሮሞማይሲን ለ14 ቀን የወሰዱት ከስድስት ወር በኋላ 91.2 በመቶ ድነው ሲገኙ፣ የተለመደውን የ17 ቀን ሕክምና የወሰዱት 91.8 በመቶ ድነዋል። ውጤቱ ተመጣጣኝ ሆኖ ሳለ በየቀኑ ሁለት የነበረው መርፌ ወደ አንድ ይወርዳል፤ ልብን የሚጎዳው መድኃኒትም ይቀራል። ሚልቴፎሲን ግን ፅንስን ስለሚጎዳ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ የሚወስዱ ሴቶችም የወሊድ መከላከያ ያስፈልጋቸዋል። ያለ መርፌ በሚዋጥ መድኃኒት ብቻ ለማከም የታሰቡ አዳዲስ ውሕዶችም በሙከራ ላይ ናቸው።

ከምርምር ወደ ጤና ጣቢያ

እነዚህ ሕክምናዎች የሚሰጡት በተወሰኑ ማዕከላት ነው። ከዝቋላ ቀበሌ የተነሣ ታማሚ በመጀመሪያ የሚደርሰው ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ነው። ቀጥሎ ሰቆጣ ያለው የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ። የልዩ ማዕከል ሕክምና ካስፈለገው እስከ ጎንደር ድረስ ረጅም መንገድ መጓዝ ሊኖርበት ይችላል። በእያንዳንዱ እርከን የሚጠፋው ሳምንት ታማሚውን ያዳክመዋል።

ብዙ ወጪ የማይጠይቀው መፍትሔ በመጀመሪያው እርከን የሚገኝ ነው። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ያለፈ አዋቂ ሲመጣ ሦስት ነገሮች ይጠየቃሉ ወይም ይታያሉ፦ ባለፈው አንድ ዓመት ወደ ሁመራ፣ መተማ ወይም ሌላ የእርሻ ቆላ ሄዶ ነበር ወይ? በግራ ጎድኑ ሥር ጣፊያው ይዳሰሳል ወይ? የወባ ወይም የታይፎይድ መድኃኒት ወስዶ ትኩሳቱ አልለቀቀውም ወይ? ሦስቱም «አዎ» ከሆኑ በሽታው ሌላ እስኪባል ድረስ ካላዛር ሊሆን እንደሚችል ይታሰባል፤ የአር-ኬ 39 እና የኤችአይቪ ምርመራም ይደረጋል።

ወደ ሥራ ለሚወርዱ ሰዎችም መረጃው ከጉዞው በፊት ቢደርሳቸው ይጠቅማል። ማታ በአጎበር ውስጥ መተኛት፣ በግራር ሥር ከማደር መቆጠብ፣ ከተመለሱ በኋላም በወራት ውስጥ ትኩሳት ከያዛቸው የት እንደነበሩ ለሐኪሙ መናገር ያስፈልጋቸዋል።

ባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. በ2023 ካላዛርን የሕዝብ ጤና ችግር ከመሆን ያስወገደች የመጀመሪያዋ አገር መሆኗን የዓለም ጤና ድርጅት አረጋግጧል። በዚያው ዓመት የምሥራቅ አፍሪካ አገሮችም ናይሮቢ ላይ ተሰብስበው ተመሳሳይ ግብ አስቀምጠዋል። የምሥራቅ አፍሪካ መንገድ ግን ይከብዳል፤ ፈጣን ምርመራው ከሰባት ታማሚዎች አንዱን ያህል ይስታል፣ የአንድ ቀን ሕክምና አይሠራም፣ ታማሚውም በየወቅቱ ከቦታ ወደ ቦታ ይንቀሳቀሳል። የተሻለ ምርመራ እስኪገኝ ድረስ በዋግ ኽምራ ያለ የጤና ባለሙያ በእጁ ያለው ቀዳሚ መሣሪያ ታማሚው በሚገባው ቋንቋ «የት ነበርክ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

በተጨማሪ ይዩ፦ ወባ፣ ቁንጭር፣ ቲቢ፣ ኤችአይቪ፣ ዋግ ኽምራ፣ ሰቆጣ